ዴር ሡልጣንን ለተማሪ እንዴት እናስተምር?

የታሪክ መምህርት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ እሑድ ደግሞ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የወጣቶችን ክፍል እይዛለሁ። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን ተሳልሜ ከተመለስኩ ወዲህ የሁለቱም ክፍሎች ተማሪዎች ስለ ዴር ሡልጣን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ለሁለቱ ክፍሎች የምሰጠው መልስ አንድ መሆን አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነገር ስላሳሰበኝ፣ በማስተማርም ሆነ በመንፈሳዊ ሕይወት ከእኔ የበለጠ ልምድ ያላችሁ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እለምናለሁ።

ቦታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ዴር ሡልጣን በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ አርመኖች ከሚይዙት ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት በላይ የሚገኝ የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ነው። በግቢው መካከል ለታችኛው ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት አለ፤ ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ የመነኮሳት ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ከዚያም በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች በኩል ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያወርድ መተላለፊያ አለ። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ቦታው የእኔ ነው ትላለች፤ የእኛም እንዲሁ። ክርክሩ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው።

ወደዚያ የሄድኩት ክርክሩን ለማጥናት አልነበረም። ለሌሎች ሳስተምረው የኖርኩት ነገር በራሴ ውስጥ እየቀዘቀዘ መጥቶ ነበርና፣ አባቶቻችን በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የደረሱበት ቦታ ቆሜ ብጸልይ የሚመለስልኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነበር። በቅዳሜ ሹር ሌሊት፣ ሊቃውንቱ በድንኳኑ ውስጥ እየዘመሩ ከበሮው ሲመታና ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ጉልላቱን ሲዞር፣ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ፖሊሶቹን አየሁ፤ የተቆለፉትን በሮች አየሁ፤ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ጸሎታቸውን አቋርጠው «ቁልፉ አሁን በማን እጅ ነው?» ብለው አንዱን ዲያቆን ሲጠይቁም ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የእኔም ልብ ከጸሎቱ ወጥቶ ስለ ቁልፉ ማሰብ ጀመረ።

አሁን በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ «ታዲያ ግብጾቹ ሌቦች ናቸው ማለት ነው?» ሲል ይጠይቀኛል፤ በመደበኛው ክፍል ደግሞ አንዲት ጎበዝ ተማሪ «ሰነዱ ተቃጥሏል ካላችሁ የእኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ትለኛለች። ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛዋ እናጣራ ብል ሁለት ሰው ሆኜ ማስተማሬ ነው። የቦታውን ቅድስና ከባለቤትነት ክርክሩ ለይቶ ማስተማር ይቻላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ነዋሪ ከኢየሩሳሌም

እኅቴ፣ እንኳን በሰላም ደርሰው ተመለሱ። እኔ በዚህ ከተማ ተሳላሚዎችንና ጎብኚዎችን በመምራት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የጠየቁት ጥያቄ በየሳምንቱ ይቀርብልኛል። በቅን ልቦና እንደጠየቁ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ጥያቄው ጸሎትና ይዞታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ይነሣል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ግን፣ ቢያንስ በእነዚህ ቦታዎች፣ ሁለቱን የሚለይ ሕግ የለም።

በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ላይ ግሪኮች፣ ላቲኖች (ካቶሊኮች)፣ አርመኖች፣ ኮፕቶች፣ ሶርያውያንና እኛ የየራሳችን መብት አለን። ይህ መብት የሚተዳደረው ነባሩ ሁኔታ እንዳለ ይጽና በሚል ሥርዓት ሲሆን፣ ሥርዓቱን የኦቶማን ሱልጣን በእ.ኤ.አ. 1852 ባወጡት ትእዛዝ አጸኑት፣ የ1878ቱ የበርሊን ውልም በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀበለው። እንግሊዞች ፍልስጥኤምን በሞግዚትነት ሲያስተዳድሩ አሠራሩን በጽሑፍ ሲያብራሩ፣ ጣሪያን ወይም ወለልን የመጠገን ሥልጣን የብቸኛ ይዞታ ምልክት እንደሚሆን፣ በአንድ ምሰሶ ላይ ፋኖስ ወይም ሥዕል መስቀልም እንዲሁ እንደሚቆጠር አስፍረዋል። ዴር ሡልጣንን ራሱንም አከራካሪ ከሆኑት ቦታዎች ጋር መዝግበውታል። ስለዚህ አንድ አባት በማለዳ ተነሥተው ደረጃውን ሲጠርጉ፣ ሳይወዱም ቢሆን የሕግ ማስረጃ እየፈጠሩ ነው። ኪዳን ሲያደርሱም እንደዚያው። በሌላ አገር ያለ መነኩሴ ሲጸልይ ጸሎት ብቻ ነው፤ እዚህ ሲጸልይ ቦታውን ይጠብቃል፤ ቦታውን ሲጠብቅም ይጸልያል።

ይህን የማያውቅ ጎብኚ በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 የሆነውን ሲሰማ ይስቃል። አንድ ኮፕት መነኩሴ በግቢያችን ውስጥ ከተለመደው ቦታቸው ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳብ ስላደረጉ ጠብ ተነሥቶ አሥራ አንድ ያህል ሰው ተጎዳ፤ የዓለም ጋዜጦችም ተዘባበቱበት። እኔ አልስቅም፤ ድብድቡ የሚያሳፍር ነው፤ ግን ወንበሩ ወንበር ብቻ እንዳልነበረ ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር። ይህ ጠባይ የእኛና የግብጾች ብቻ እንዳይመስልዎት፦ በ2011 በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግሪኮችና አርመኖች ለበዓል ጽዳት ሲያደርጉ በመጥረጊያ ተደባድበዋል።

የሥርዓቱ አስከፊ ገጽ ግን ድብድቡ አይደለም፤ ጥገና ነው። መጠገን የባለቤትነት ምስክር ስለሚሆን አንዱ ሲጠግን ሌላው ይከለክላል፤ በመካከል ሕንፃው ያረጃል። በ2017 ከቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ወደቀ፤ በተከታዩ ዓመት የእስራኤል መንግሥት ጥገናውን ራሱ ሲያስጀምር የኮፕት አባቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ፣ ፖሊስም አንዱን መነኩሴ ጎትቶ አነሣቸው። ያን ቀን በእኛ ወገን ደስ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ደስ አላለኝም፤ አስኬማ ያጠለቀ ሰው በመሬት ላይ ሲጎተት ማየት ለማንም አይበጅም።

የሰንበት ተማሪ (ዋሽንግተን)

የቀደሙት ጸሐፊ ሥርዓቱን በደንብ አስረድተዋል፤ ነገር ግን «ሁለቱም ወገኖች» የሚለው አነጋገር እኩል ያልሆኑትን እኩል እንዳያስመስል እሰጋለሁ። መምህርት፣ ልጆቹን ሚዛናዊ ሁኑ ከማለትዎ በፊት ሚዛኑ ከመጀመሪያው እንዴት እንደተዛነፈ ይንገሯቸው።

በእ.ኤ.አ. 1838 በኢየሩሳሌም ወረርሽኝ ገብቶ በገዳሙ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አለቁ። መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸው በሽታውን ያስተላልፋሉ በሚል ሰበብ ተቃጠሉ፤ ቁልፉም በኮፕቶች እጅ ገባ። ይህን እኛ ብቻ አይደለንም የምንናገረው። በአገራችን ወንጌላዊ ሆኖ ይሠራ የነበረውና በኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት፣ ከእንግሊዙ ቆንስላ ጋር ሆኖ ለመነኮሶቻችን ይሟገትላቸው ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ17ኛው መቶ ዘመን በድህነትና በግብር ጫና ምክንያት በዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሩንን ቦታዎች አንድ በአንድ አጥተን ወደ ጣሪያው የወጣነው እኛ ነን። ጣሪያ ላይ የሚኖር ሰው ምርጫ አጥቶ እንጂ ወዶ አይደለም።

አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በዚያ ዘመን ሁሉ ጳጳስ የሚሾምልን ከእስክንድርያ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በእ.ኤ.አ. 1951 ሲሆን ፓትርያርክ የሆኑት በ1959 ነው። ልጅ አባቱን በባዕድ ዳኛ ፊት እንዴት ይከስሳል? የግብጽ ወገን «እንግዶቻችን ነበራችሁ፣ አስጠጋናችሁ» የሚለው ክርክሩም ከዚሁ ግንኙነት የተቀዳ ነው። ራሳችንን ከቻልን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ያን ጊዜ አሮጌውን ከተማ ያስተዳድር የነበረው የዮርዳኖስ መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ ለኢትዮጵያ ፈረደ፤ ወራት እንኳን ሳይቆይ ግን ከግብጽ በኩል በመጣ ጫና ውሳኔው ታገደ።

ስለዚህ ለልጁ ሌቦች ናቸው አይበሉት፣ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ተበድለናል ይበሉት። በባዕድ አገር ለሚያድጉት የእኛ ልጆች ይህ ገዳም ከጥቂቶቹ መያዣዎቻቸው አንዱ ነው፤ ሁሉንም ነገር በጥርጣሬ መልክ ብናቀርብላቸው የሚቀርላቸው ጥርጣሬው ብቻ ነው።

ጡረተኛ መምህር (ጎንደር)

ወንድሜ ከዋሽንግተን የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩት። የዘረዘሩት እውነት ነው፤ ግን በ1961 ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይናገሩ ማለፍ ለልጆቹ ግማሽ ታሪክ መስጠት ስለሚሆን፣ የቀረውን እኔ ልጨምር።

በእ.ኤ.አ. 1967ቱ የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት አሮጌው ከተማ ከዮርዳኖስ ወጥቶ በእስራኤል እጅ ገባ። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ኮፕቶች ለጸሎት ወደ ታች በወረዱበት ሰዓት የእኛ መነኮሳት የሁለቱን ጸሎት ቤቶች ቁልፎች ለወጡ፤ ፖሊስም ኮፕቶቹን እንዳይመለሱ ከለከለ። የኮፕት ሊቀ ጳጳስ ለእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በ1971 ቁልፉ ለኮፕቶች እንዲመለስ ወሰነ፤ ነገር ግን መንግሥት ዋናውን ክርክር እንዲመረምር ዕድል ሰጠ። መንግሥትም የሚኒስትሮች ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን አዘገየው፤ እስከ ዛሬም አልቋጨውም። ጸሎት ቤቶቹ በእኛ እጅ ያሉት በዚህ ዓይነት ነው።

መምህርት ሆይ፣ ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። በትንሣኤ ሌሊት፣ ሌላው ሲጸልይ ቁልፍ መለወጥ የሚኮራበት ሰው ይኖራል፤ የተወሰደብንን መለስን የሚል ይኖራል፤ እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ስሜት በአንድ ቀን የማስተናግድበት ጊዜ አለ። ሆኖም ልጆቹ ይህን ከእርስዎ ካልሰሙት ነገ በስልካቸው ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያን ጊዜ የሚጠራጠሩት ገዳሙን ሳይሆን እርስዎን ይሆናል።

የፍርዱን ዝርዝር በመደበኛው ክፍል እንዲጠቀሙበት እመክራለሁ፤ ለሲቪክስም ለታሪክም የሚሆን ድንቅ ምሳሌ ነውና። ፍርድ ቤቱ ገዳሙ የማን ነው ብሎ አልፈረደም፤ ሊፈርድም አይችልም ነበር፤ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ዘመን በ1924 የወጣ ደንብ የቅዱሳት ቦታዎችን የመብት ክርክር ከፍርድ ቤቶች ሥልጣን ውጭ አድርጎታል። የተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በይዞታ ላይ የነበረ ወገን በኃይል ወይም በዘዴ ሊነቀል አይገባም የሚል። ተማሪዎችዎን «ባለቤትነት» እና «ይዞታ» በሚሉት በሁለት ወገን ከፍለው ያከራክሯቸው። በእኔ ልምድ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ከመምህሩ ይልቅ ይህን ልዩነት ቶሎ ይይዛል፤ ምናልባት በሰፈሩ የቀበሌ ቤት ክርክር አይቶ ስላደገ ነው።

ሰነድ ስለጠየቀችዎ ተማሪ ደግሞ፣ እንዲህ ያለች ልጅ በክፍሌ ብትኖር ኖሮ ጡረታ ባልወጣሁ ነበር። ይበሏት፦ የባለቤትነት ወረቀት ቢቃጠልም የመኖር ምስክር ብዙ ነው። በመካከለኛው ዘመን ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ የአውሮፓ ሰዎች ኢትዮጵያውያንን በዚያ አይተው ጽፈዋል። በ1441 ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የሄዱት ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች የተላኩት በኢየሩሳሌም ከሚኖረው ማኅበራችን፣ በአበ ምኔቱ በአባ ኒቆዲሞስ ነበር። ይህ የሚያስረዳው በከተማዋ መኖራችንን ነው፤ ያንን ጣሪያ በተለይ ይዘን እንደነበር ለማስረዳት ግን ሌላ ማስረጃ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ቆም ብላ «እንግዲያው ምን ያስረዳል፣ ምን አያስረዳም?» ብላ እንድትጠይቅ ካደረጓት የታሪክ ሙያን አስተማሯት ማለት ነው።

የወሎ ልጅ

በመካከላችሁ መግባቴን አትቀየሙኝ፤ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በደሴ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ይህን ርዕስም በክፍሌ አንሥቼ አውቃለሁ። ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የገረማቸው የዋናው ቤተ ክርስቲያን በር ጉዳይ ነው፤ ቁልፉን ከጥንት ጀምሮ የሚይዘው የጁዴ ቤተሰብ፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ የኑሰይባ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። አንድ ልጅ «ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ ስለማይተማመኑ ነው?» አለኝ። ምክንያቱን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች ከወሰደው ከሱልጣን ሳላሕ አድ-ዲን ዘመን ጋር የሚያያይዘውን ትውፊት ነገርኩት፤ ግን አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ለመምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። በመደበኛው ክፍልዎ ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም ተማሪ ይኖርዎታል። «ገዳማችን» ሲሉ እነዚያ ልጆች በቃሉ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም? እኔ «የኢትዮጵያ ገዳም» ብዬ ሳስተምር ሁሉም ልጆች፣ ሙስሊሞቹም ሳይቀሩ፣ በአገር ስሜት ለእኛ ወገን ቆመው ተከራከሩ፤ ያኔ ደግሞ የግብጹን ወገን የሚይዝ ጠፍቶ እኔው ራሴ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩላቸው። ክርክሩ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የዓባይም ጥላ ያለበት መሆኑን ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው፤ አንዱ ልጅ ስለ ገዳሙ የጀመረውን በግድቡ ጨረሰው። ከተቻለ ትምህርቱን ስለ ግድቡ ዜና በሚበዛበት ሳምንት አያቅርቡት።

የታሪክ መምህርት (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለወሎው ወንድሜም ምስጋናዬ እጥፍ ነው፣ «ገዳማችን» ስለሚለው ቃል አስቤበት አላውቅም ነበርና።

ከኢየሩሳሌም የጻፉልኝ ወንድሜ ያሉት ከሁሉ ይልቅ ይዞኛል። ጸሎቱንና ጥበቃውን ልለይ ስሞክር የነበረው ምናልባት ለራሴ ስል ነው፤ የቀዘቀዘብኝ ነገር እንዲመለስልኝ ንጹሕ ቦታ ስለፈለግሁ። እዚያ የሚኖሩት አባቶች ግን በክረምት ብርድ፣ በበጋ ሐሩር፣ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ሆነው ሁለቱን አብረው ይሸከማሉ። በዚያ ሌሊት ስለ ቁልፉ የጠየቁትን እናት ሳስታውስ መጀመሪያ ላይ ጸሎቴን የበጠበጡብኝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን የእሳቸው ጥያቄ ከጸሎታቸው ውጭ እንዳልነበረ አምናለሁ። ይህ ለራሴ ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሆንም። አንድ አባት ቦታውን እየጠበቁ መጸለይ መቻላቸው፣ እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስለ ቦታው መናደዴን ጸሎት አያደርገውም።

ለዋሽንግተኑ ወንድሜ፦ ተበድለናል የሚለውን አልተውም፤ 1838ን እና 1961ን በሰንበት ትምህርት ቤትም በመደበኛውም ክፍል አስተምራለሁ። ነገር ግን 1970ንም በሁለቱም ቦታ አስተምራለሁ፤ የሰንበቱ ልጅ ቅር ቢለውም። መልሱ አንድ ይሁን ብዬ ወስኛለሁ፤ የሚለየው አካሄዱ ነው። በሰንበት ክፍል ከዚህ ታሪክ በኋላ ስለ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት አንድ ሙሉ ጊዜ እሰጣለሁ፤ በ2015 በሊቢያ የታረዱትን ግብጻውያን ወጣቶች ልጆቹ ያውቃሉ፤ በዚያው ሰሞን በዚያው አገር የእኛም ልጆች በተመሳሳይ እጅ እንደሞቱ ያውቃሉ። ሌቦች ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ስለ እነዚያ ወጣቶች ሲሰማ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።

አንድ ችግር ይቀረኛል። ለመደበኛው ክፍል ክርክር የኮፕቶችን አቋም በራሳቸው አንደበት ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ያገኘሁት ሁሉ ግን የእኛ ሰው ስለ እነሱ የጻፈው ነው። ከመካከላችሁ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ካለ አንድ ሁለት ገጽ እንኳን ቢተረጉምልኝ?

ነዋሪ ከኢየሩሳሌም

ዐረብኛውን እኔ አነባለሁ። ግን ከመተርጎም የተሻለ ሐሳብ አለኝ፦ ከገዳሙ አጠገብ በሚገኘው የኮፕቶች መንበር የማውቃቸው አንድ አባት አሉ፤ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ስለ ቁልፍ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የሚሆን አጭር ነገር ይጽፉልን እንደሆነ ልጠይቃቸው። እምቢ ካሉኝ ወደ ትርጉሙ እመለሳለሁ። ጥያቄዎቹን ግን ተማሪዎችዎ ራሳቸው ይጻፉና ይላኩልኝ፤ በተለይ ያቺ ስለ ሰነዱ የጠየቀችው ልጅ።